22 ክሬዲት፦ ዝቅተኛው የምረቃ መስፈርት ለማን ይበቃል?

በሜሪላንድ ግዛት በሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለሃይስኩሉ እግር ኳስ ቡድን መሰለፍ የሚፈልግ ተማሪ አማካይ ውጤቱ ከ2.0 መውረድ የለበትም። በሩብ ዓመቱ ከአንድ ትምህርት በላይ መውደቅም አይፈቀድለትም። ከዚህ ካነሰ ማሊያውን አውልቆ ዳር ይቀመጣል። ዲፕሎማ ለመቀበል ግን እንዲህ ያለ የአማካይ ውጤት ገደብ የለም። በካውንቲው "ወደቀ" የሚባለው "ኢ" ያገኘ ተማሪ ሲሆን "ዲ" ማለፊያ ነው። አራት ዓመት ሙሉ "ዲ" ሲለቅም የኖረ ልጅ የሚፈለግበትን ክሬዲትና ሌሎች ግዴታዎች እስካሟላ ድረስ ጋዋኑን ለብሶ፣ ስሙ ተጠርቶ፣ እልል እየተባለለት ዲፕሎማውን ይረከባል። በውጤት ረገድ የኳስ ሜዳው በር ከመመረቂያው አዳራሽ በር የጠበበ ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ሞንትጎመሪ በሜሪላንድ ትልቁ የትምህርት ዲስትሪክት ነው፤ ወደ 160 ሺህ ተማሪዎችና ከ200 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉት። ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዲስትሪክቱ ለወላጆች የሚልካቸውን ዋና ዋና ሰነዶች በአማርኛ ጭምር የሚያስተረጉመው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህም ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ስለ ምረቃ መስፈርቱ ቁጭ ብሎ የሚያወራው ልጁ 12ኛ ክፍል ከገባ በኋላ፣ ከካውንስለሩ ቢሮ "ይህ ይጎድለዋል" የሚል መልእክት ሲደርሰው ነው። መጥኖ መደቆሱ ያኔ አልፎበታል።

አሜሪካ ውስጥ ስለ ምረቃ መስፈርት ሲነሳ ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ቁጥር ላይ ይቆማል፤ ክሬዲቱ ይጨመር ወይስ ይቀነስ? ፈተና ይኑር ወይስ ይቅር? የእኔ መከራከሪያ ሌላ ነው። የሞንትጎመሪ መስፈርት በወረቀት ላይ ሲታይ ደካማ አይደለም። ድክመቱ ያለው ሁለት ቦታ ነው፤ አንደኛው እያንዳንዱ ክሬዲት ከኋላው ምን ያህል እውቀት አለ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ "ዝቅተኛ" የሚለው ቃል ለወላጅ "በቂ" ተብሎ መተርጎሙ ነው።

ስሌቱ

በአሜሪካ ትምህርት የፌዴራል መንግሥቱ ሳይሆን የግዛቶች ሥልጣን ነው። ግዛቱ ዝቅተኛውን ወሰን ያስቀምጣል፣ ዲስትሪክቱ ከፈለገ ይጨምርበታል። ሜሪላንድ ለዲፕሎማ 21 ክሬዲት ትጠይቃለች፤ ሞንትጎመሪ 22 አድርጎታል። ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ትምህርት 1 ክሬዲት፣ የአንድ ሴሚስተሩ ደግሞ ግማሽ ያስገኛል። ስለዚህ ልጁ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አልፎ ሁለተኛውን ቢወድቅ የሚያጣው ግማሹን ብቻ ነው።

22ቱ እንዲህ ይከፋፈላሉ። እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 4፣ ሳይንስ 3፣ የኅብረተሰብ ትምህርት 3፤ በዚህኛው ውስጥ የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክና ስለ አካባቢ፣ ስለ ግዛትና ስለ ፌዴራል መንግሥት የሚያስተምረው ኮርስ ይገኛሉ። ስፖርት 1፣ ጤና 1፣ ሥነ ጥበብ 1፣ ቴክኖሎጂ 1። እስከዚህ 18 ይሆናል። ከዚያ ተማሪው አንድ መንገድ ይመርጣል። ወይ የውጭ ቋንቋ 2 ክሬዲት ይወስዳል፣ ወይ ከፍ ያለ የቴክኖሎጂ ትምህርት 2 ክሬዲት ይወስዳል፣ ወይም በግዛቱ የጸደቀ የሙያ ሥልጠና መርሐ ግብር ያጠናቅቃል። የቀረው በምርጫ የሚሞላ ነው። በአብዛኞቹ ሃይስኩሎች የቀኑ ክፍለ ጊዜ 7 በመሆኑ አንድ ተማሪ በአራት ዓመት እስከ 28 ክሬዲት የመሰብሰብ ዕድል አለው። ከ22ቱ የሚተርፈው 6 ክሬዲት ለወደቀም ማካካሻ፣ ለጎበዝም ተጨማሪ ነው።

ሒሳብ ላይ ወላጆችን የሚያምታታ ነገር አለ። ልጁ አልጄብራ አንድን በሚድል ስኩል ከወሰደ የሃይስኩል ክሬዲት ይያዝለታል። ይህ ማለት ግን 12ኛ ክፍል ላይ ከሒሳብ ያርፋል ማለት አይደለም። ሜሪላንድ ተማሪው በሃይስኩል በየዓመቱ ሒሳብ ላይ እንዲመዘገብ ታስገድዳለች። ቀድሞ የጀመረ ልጅ ቀድሞ አይጨርስም፤ ወደ ካልኩለስ ወይም ወደ ስታቲስቲክስ ይሻገራል እንጂ።

በክሬዲቱ ላይ 75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይታከልበታል። ይህን ግዴታ ከመላው አሜሪካ በግዛት ደረጃ ቀድማ ያወጣችው ሜሪላንድ ናት፤ ውሳኔው በ1992 እ.ኤ.አ. ተላልፎ መጀመሪያ የተፈጸመው በ1997 ተመራቂዎች ላይ ነበር። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው 5ኛ ክፍል ካለቀ በኋላ ካለው ክረምት አንሥቶ ነው። የተወሰኑ የሚድል ስኩል ትምህርቶችም ራሳቸው ሰዓት ያስቆጥራሉ። እዚህ ላይ የእኛ ልጆች የሚሰናከሉበት ቦታ አለ። እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሲያገለግል የሚውል ልጅ ሰዓቱን የሞላ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሃይማኖታዊ ይዘት ያለው አገልግሎት አይቆጠርም፤ ተቋሙም አስቀድሞ የታወቀና የጸደቀ መሆን አለበት። ምግብ ለተቸገሩ ማደልና ታናናሾችን ሒሳብ ማስጠናት ይቆጠራል፤ መዘመርና መቀደስ አይቆጠርም። ፎርሙ በጊዜው ተሞልቶ ካልገባ ደግሞ የተቆጠረውም እንዳልተሠራ ነው።

የክሬዲት ትውልድ

ይህ ሁሉ "ክሬዲት" የሚባል መለኪያ ከየት መጣ? መነሻው የመምህራን ጡረታ ነው ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የሃይስኩል ትምህርት እንደየከተማው የተለያየ ነበር። በ1892 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤሊየት የመሩት "የአሥሩ ኮሚቴ" ትምህርቱን አንድ ወጥ ለማድረግ ተሰየመ። ዩኒቨርሲቲዎችን ያንቀሳቀሰው ግን ገንዘብ ነው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ገንዘቡን እንዲያስተዳድር የተቋቋመው ድርጅት "ኮሌጅ ማለት ምንድን ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈልግ፣ ከሃይስኩል 14 ዩኒት የጨረሱትን ብቻ የሚቀበል ተቋም ነው ብሎ ወሰነ። አንዱ ዩኒት 120 ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ መማር ሆነ። ጡረታውን የፈለጉ ኮሌጆች መስፈርቱን ተቀበሉ፤ ኮሌጅ መላክ የፈለጉ ሃይስኩሎችም ተከተሉ።

እንግዲህ የዛሬው ክሬዲት ሲፈጠር የለካው ጊዜን ነው። ተማሪው ስንት ሰዓት እንደተቀመጠ ይናገራል፤ ተቀምጦ ምን እንደያዘ ግን መናገር ያለበት መምህሩ ነው። መምህሩ ከላላ ወይም እንዲላላ ከተገደደ ክሬዲቱ ባዶ ይሆናል።

በ1983 "አደጋ ላይ ያለች ሀገር" በሚል ርእስ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስትር የቀረበው ታዋቂ ሪፖርት የአሜሪካ ትምህርት መዳከሙን አውጆ ሁሉም ተማሪ 4 ዓመት እንግሊዝኛ፣ 3 ዓመት ሒሳብ፣ 3 ዓመት ሳይንስ፣ 3 ዓመት የኅብረተሰብ ትምህርትና ግማሽ ዓመት ኮምፒዩተር እንዲማር መከረ። ግዛቶች የክሬዲት ቁጥር መጨመር ጀመሩ። የሞንትጎመሪን ዝርዝር ከዚህ ምክር ጋር ያስተያየ ሰው ዝምድናውን ወዲያው ያያል። በሒሳብ እንዲያውም አንድ ዓመት ጨምሮበታል።

ከማትሪክ ሀገር የመጣ ወላጅ

ኢትዮጵያ ውስጥ የተማረ ወላጅ ስለ ሃይስኩል ፍጻሜ ሲያስብ በአእምሮው የሚመጣው ማትሪክ ነው። የየዓመቱ ሪፖርት ካርድ ቢታይም፣ ወሳኙ በመጨረሻ የሚመጣው የጥቂት ቀን ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ ከክፍል ወደ ክፍል ተዛውሮ፣ በመጨረሻዋ ሳምንት መቅረት ማለት ነው።

ሞንትጎመሪ ውስጥ ያለው አሠራር የዚህ ግልባጭ ነው። የመጨረሻ የፍርድ ቀን የለም። የ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ውጤት ለዲፕሎማው ያለው ክብደት ከ12ኛ ክፍሉ አያንስም። ወደ ኮሌጅ የሚላከው ትራንስክሪፕትም ከ9ኛ ክፍል የጀመረውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። "አሁን ይጫወት፣ 12ኛ ሲደርስ ይበረታል" የሚለው የማትሪክ ዘመን ምክር እዚህ ልጅን ይጎዳል። በ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ የወደቀ ልጅ በቀጣዩ ዓመት ሁለት እንግሊዝኛ ይሸከማል፤ ወይም የክረምቱን ሥራ ትቶ ሰመር ስኩል ይገባል።

ሁለቱም አሠራር የየራሱ ሐሰት አለው። በማትሪኩ ሥርዓት ሐሰቱ በየክፍሉ ተከማችቶ በመጨረሻ ይጋለጣል፤ ልጁን ያሳለፉት መምህራንና ትምህርት ቤቶች ያኔ አይጠየቁም። በክሬዲቱ ሥርዓት ደግሞ ሐሰቱ ከዲፕሎማው ጋር አብሮ ተጠቅልሎ ይወጣና የሚጋለጠው ኮሌጅ ሲገባ ወይም ሥራ ሲጠየቅ ነው። የኛዎቹ ወላጆች የመጀመሪያውን በደንብ ያውቃሉ። ሁለተኛውን ለማወቅ ግን ማስጠንቀቂያ ደወል የለም፤ ሪፖርት ካርዱ "አለፈ" እያለ ይመጣልና።

ዲፕሎማና የዩኒቨርሲቲ በር

"ዝቅተኛ" ማለት "በቂ" አለመሆኑ ፍንትው ብሎ የሚታየው በውጭ ቋንቋ ላይ ነው። የሙያ ሥልጠናውን መንገድ መርጦ አንድም ቀን የውጭ ቋንቋ ሳይማር የሚመረቅ ተማሪ ዲፕሎማው ሙሉ ነው። ይህ ልጅ በኮሌጅ ፓርክ ለሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ግን ሁለት ዓመት የውጭ ቋንቋ ይጠየቃል። ትምህርት ቤቱ አላጠፋም፤ ካውንስለሩም አልዋሸም። ልጁ የሚፈለግበትን ሁሉ አሟልቷል፤ የሚፈለግበት ግን ለምረቃ ነበር።

ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ይህ ቅሬታ ብቻ ሳይሆን ዕድልም አለው። ሜሪላንድ በ2016 ባወጣችው ሕግ ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ በብቃት የሚያውቅ ተመራቂ የሁለት ቋንቋ ማኅተም ማግኘት ይችላል። ቤት ውስጥ የምንናገረው ቋንቋም ሊመዘን ይችላል። ሆኖም ፈተናው ማንበብና መጻፍንም ይመለከታል፤ "ይሰማል እንጂ አይናገርም" የሚባለው ልጃችን አያልፍም። ቅዳሜ ፊደል ማስቆጠር ከናፍቆት ያለፈ ጥቅም እንዳለው የሚጠራጠር ወላጅ ካለ ይኸው ጥቅሙ። ልጃችሁ አማርኛ የሚያነብና የሚጽፍ ከሆነ በቋንቋ ፈተና ክሬዲት የሚያገኝበት መንገድ መኖሩን ካውንስለሩን ጠይቁ።

ሌላው ልዩነት በወሰን መካከል ያለው ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ቤተሰብ የቤት ኪራይ ሲወደድበት ዕቃውን ጭኖ ወደ ሌላ ግዛት መሻገሩ የተለመደ ነው። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የመኪና መንገድ ውስጥ ሦስት የተለያዩ የምረቃ ሕጎች አሉ። ሞንትጎመሪ 22 ክሬዲትና 75 ሰዓት አገልግሎት ይላል። ዋሽንግተን ዲሲ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት ይላል፤ በሳይንስና በኅብረተሰብ ትምህርት አራት አራት፣ በውጭ ቋንቋ ሁለት ክሬዲት ግዴታ አድርጎ፣ የዲሲን ታሪክ ጨምሮ። ቨርጂኒያ ደግሞ መደበኛውን ዲፕሎማ በ22፣ የላቀውን በ26 ክሬዲት ትሰጣለች፤ ከእነዚህም አምስቱ በግዛቱ ፈተና ወይም በተፈቀደ ምትክ የተረጋገጡ እንዲሆኑ ትጠይቃለች። 11ኛ ክፍልን ሲልቨር ስፕሪንግ ጨርሶ 12ኛን ዲሲ የሚጀምር ልጅ በአንድ ክረምት ብቻ ወደ ኋላ የቀረ ይሆናል። ቤት ስንለውጥ የአዲሱን ቤት መኝታ ክፍል እንደምንቆጥረው ሁሉ የልጁን ክሬዲትም መቁጠር ይገባናል።

17 ዓመቱ ላይ የመጣ ልጅ

መስፈርቱ በጣም የሚከብደው በመሐል ለሚደርሰው ነው። አዲስ አበባ 10ኛ ክፍልን ጨርሶ በዲቪ ከቤተሰቡ ጋር የገባ የ17 ዓመት ልጅ እንውሰድ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለየብቻ ተምሯል፤ ሒሳቡም ጥሩ ነው። እነዚህ ተገምግመው ክሬዲት ሊያዝለት ይችላል፤ ለዚያ ግን ከመጣበት ትምህርት ቤት ማኅተም ያለበት የተሟላ ትራንስክሪፕት መያዝ አለበት። ብዙዎች የሚመጡት የመጨረሻውን ዓመት ካርድ ብቻ ይዘው ነው። ከቦሌ ከመነሣት በፊት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሄዶ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤትን በእንግሊዝኛ አስጽፎ ማኅተም ማስደረግ አንድ ዓመት ሊያተርፍ ይችላል። ሻንጣ ውስጥ ለሚከተተው በርበሬና ሽሮ የሚደረገው ጥንቃቄ ለዚህ ወረቀትም ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ታሪክ፣ የመንግሥት ትምህርትና እንግሊዝኛ ይቀሩታል። እንግሊዝኛው ለሌላ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ጋር ይያያዛል፤ ቋንቋውን እየተማረ የአራት ዓመቱን የእንግሊዝኛ ክሬዲት መሙላት አለበት። ትምህርታቸው ለተቋረጠባቸው ደግሞ ዲስትሪክቱ ሜትስ የሚባል መርሐ ግብር አለው። ልጁ በሁለት ዓመት ሁሉን መጨረስ ካልቻለ ምን ይሆናል? ሕጉ እዚህ ላይ ይደግፈዋል፤ በሜሪላንድ 21 ዓመት እስኪሞላ ድረስ በነጻ የሕዝብ ትምህርት ቤት መማር መብት ነው። "ዕድሜው ገፍቷል፣ ማታ ትምህርት ይግባ" ወይም "ጂኢዲ ይውሰድ" (በዲፕሎማ ምትክ የሚወሰደውን ፈተና ማለት ነው) የሚል ምክር ቢመጣ፣ ምክር እንጂ ግዴታ አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ራሱ ልጁ ነው፤ ከታናናሾቹ ጋር መማር ያሳፍረዋል፣ ቤት ኪራይ ማገዝም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ያቋርጣል።

ልዩ ድጋፍ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ይለዩ። ሜሪላንድ ከዲፕሎማው ሌላ የመርሐ ግብር ማጠናቀቂያ ሰርተፍኬት ትሰጣለች። ሁለቱም በአንድ መድረክ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰርተፍኬቱ ዲፕሎማ አይደለም። ልጁ ወደ የትኛው እየሄደ እንደሆነ በድጋፍ እቅዱ ስብሰባ ላይ በአስተርጓሚ ተጠይቆ መታወቅ አለበት። የማይገባ ሰነድ ላይ ተማምኖ መፈረም የለም።

ፈተና ያድነን ይሆን?

ክሬዲቱ ባዶ ሊሆን ከቻለ የግዛት ፈተና አይሻልም ወይ? ሜሪላንድ ይህን ሞክራዋለች። ከ2009 ተመራቂዎች ጀምሮ በእንግሊዝኛ፣ በአልጄብራ፣ በባዮሎጂና በመንግሥት ትምህርት የግዛቱን ፈተናዎች ማለፍ ለዲፕሎማ ግዴታ ሆኖ ነበር። ደጋግመው ላላለፉት ግን በፕሮጀክት ሥራ የሚያካክሱበት "ድልድይ" የተባለ መርሐ ግብር ተዘጋጀ። ድልድዩ ስለተዘረጋ ፈተናው ያስቀረው ተማሪ ጥቂት ነበር። ዛሬ የማለፍ ግዴታው ላልቶ በመንግሥት ትምህርትና በባዮሎጂ ፈተናው ለኮርሱ ውጤት 20 በመቶ ይይዛል።

ሌሎቹም ከፈተናው እየሸሹ ነው። ማሳቹሴትስ ከ2003 ተመራቂዎች ጀምሮ ያጸናችውን የግዛት ፈተና የማለፍ ግዴታ መራጮቿ በኅዳር 2024 በሕዝበ ውሳኔ ሽረውታል። ኒውዮርክም ለትውልዶች የኖረውን የሪጀንትስ ፈተና ከዲፕሎማ ግዴታነት ለማውጣት ወስናለች። ፈተናውን የሚተቹ ወገኖች እንደኛ ያሉትን አዲስ መጤዎች ይጠቅሳሉ፤ ሒሳቡን እያወቀ በእንግሊዝኛው ምክንያት የሚወድቅ ልጅ አለ። ይህ እውነት ነው። በኢትዮጵያ ማትሪክ ያየነውም አንድ ፈተና የብዙ ዓመት ድካምን እንዴት እንደሚሽር ነው።

ሆኖም ፈተና ሳይኖር በምትኩ የሚቆም ነገር ከሌለ የሚሆነውን ዋሽንግተን ዲሲ አሳይታናለች። በ2017 የባሉ ሃይስኩል ተመራቂዎችን በሙሉ ኮሌጅ ተቀበላቸው ተብሎ በመላ ሀገሪቱ ተወራ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣ የሬዲዮ ምርመራ ከተመራቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ከሦስት ወር በላይ ከትምህርት ቤት የቀሩ መሆናቸውን አጋለጠ። በ2018 ጥር የወጣው የከተማዋ ማጣሪያ ደግሞ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ በዲሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ከ2,758 ተመራቂዎች 937ቱ የተመረቁት የመገኘት ደንብ ተጥሶ ወይም የማካካሻ ኮርሱ ያለአግባብ ተሰጥቷቸው ነበር። ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። የዲሲ መስፈርት እኮ 24 ክሬዲት ነበር፤ ከሞንትጎመሪ ይበልጣል። ቁጥሩ አልጠበቀውም። መምህራኑ "አሳልፉ" የሚል ግፊት ነበረባቸው፤ ርእሳነ መምህራኑም የሚመዘኑት በመመረቂያ መጠን ነበር።

ሞንትጎመሪ ዲሲ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከጥያቄው ነጻ አይደለም። ከ2016–17 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተናዎች ቀርተዋል። ለዓመታት በሠራው ስሌት አንዱን ሩብ ዓመት "ኤ"፣ ሌላውን "ቢ" ያመጣ ተማሪ የሴሚስተሩ ውጤት "ኤ" ይሆንለት ነበር። ሪፖርት ካርዱ ደመቀ፤ ወላጅም ደስ አለው። መምህራንና ወላጆች ከተከራከሩበት በኋላ ዲስትሪክቱ ስሌቱን ቀይሯል። መቀየሩ ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የውሸት "ኤ" የሚጎዳው የልጁን ድካም በሌላ ነገር መደገፍ የማይችለውን ቤተሰብ ነው። የጠበቃ ልጅ ትምህርት ቤቱ ያላስተማረውን የግል አስጠኚ ያስተምረዋል። የታክሲ ሹፌርና የሆስፒታል ረዳት ልጅ የሚያምነው ሪፖርት ካርዱን ነው።

በአሜሪካ በአራት ዓመት የሚመረቁ ተማሪዎች መጠን በ2010–11 ከነበረበት 79 በመቶ በ2021–22 ወደ 87 በመቶ ደርሷል። ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ምን ያህሉ እውነተኛ መማር እንደሆነ የሚታወቀው ዲፕሎማው ከተሰጠ በኋላ በሚሆነው ነው።

ምን ይደረግ?

ሜሪላንድ በ2021 ያጸደቀችው የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ጥሩ አቅጣጫ ጠቁሟል። ተማሪው 10ኛ ክፍልን ሲጨርስ ለኮሌጅና ለሥራ ዝግጁ መሆኑ እንዲመዘንና ዝግጁ የሆነው ኮሌጅ ውስጥ ያለ ክፍያ ኮርስ እንዲወስድ፣ ያልደረሰው ደግሞ ድጋፍ እንዲያገኝ ይላል። የችግሩ መታወቂያ ጊዜ ከምረቃ ማግሥት ወደ 10ኛ ክፍል መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው። ዲስትሪክቱ የዚህን ምዘና ውጤት ለእያንዳንዱ ወላጅ በሚገባው ቋንቋ፣ ከሪፖርት ካርዱ ጎን ለጎን መላክ አለበት። ካርዱ "ቢ" ብሎ ምዘናው "ዝግጁ አይደለም" ካለ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ወላጅ ይህን የማወቅ መብት አለው። ለዲፕሎማም ቢሆን ለኳስ ቡድኑ ከሚጠየቀው 2.0 ያላነሰ መጠየቅ የሚከብድ አይመስለኝም፤ ድጋፉ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ እስካለ ድረስ።

ከወላጅ የሚጠበቀው ደግሞ ይህ ነው። በየዓመቱ በጥርና በየካቲት አካባቢ ተማሪዎች የሚቀጥለውን ዓመት ኮርስ ይመርጣሉ። በዚያ ጊዜ ካውንስለሩን ቀጠሮ ያዙ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ ልጄ እስካሁን ስንት ክሬዲትና ስንት የአገልግሎት ሰዓት ሞልቷል? በዚህ አካሄድ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማመልከት ይችላል? የዘንድሮ ውጤቱስ በግዛቱ ምዘና ተረጋግጧል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የትምህርት ቦርዱ አባላት የሚመረጡት በሕዝብ ነው፤ ከመካከላቸው ተማሪው አባል እንኳ ድምፅ አለው። እናንተም ዜጋ ከሆናችሁ በምርጫው፣ ካልሆናችሁም በስብሰባው አስተያየት ስጡ።

22 ክሬዲት ልጁን ከሃይስኩል ያወጣዋል። ወዴት እንደሚገባ የሚወስነው ግን ከክሬዲቱ ኋላ ያለው እውቀት ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጃችሁን "አለፍክ ወይ?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት "ምን ተማርክ?" በሉት።